ሦስት ሳምንት ዝም በል

«ሦስት ሳምንት ዝም በል፤ ሹክሹክታም ክልክል ነው፤
እንዲያውም ከጩኸት ይልቅ እሱ ነው የሚጎዳው»
አለኝ ሐኪሙ፣ ባትሪውን አጥፍቶ፤
ወረቀት ሰጠኝ፣ ማኅተሙን አትሞ፣ ቀኑን አስገብቶ።

ጉሮሮዬ ውስጥ አገኘሁ ያለው ነገር
የምስር ፍሬ የምታህል ጠጠር፣
የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠመኔ፣ የጩኸት ውዝፍ ነች፤
«ክፍልፋይ» ስል፣ «ዝም በሉ» ስል፣ ቀስ በቀስ የበቀለች።

ምክትሏ አነበበች። መነጽሯን አወለቀች።
«መምህር አረቡ፣ እኔስ ባሳርፍህ...» ብላ ጀመረችና ቆመች።
መጨረስ አላስፈለጋት፤ የቀረውን አውቀዋለሁ፦
ሰባ አንድ ተማሪ ነው፤ ተተኪ ከየት አመጣለሁ?
እሷም ታማለች። ከደም ግፊቷ ኪኒን ጋር
ቁልፎቹን ትቋጥራለች በሻርፗ ዳር።
በዚህ ግቢ ያልታመመ ደወሉ ብቻ ነው፤
እሱም ቸርኬ ነው፤ ጋሽ ይመር በብረት የሚቀጠቅጠው።

ስለዚህ ገባሁ። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ
ከእኔ ቀድሞ ገብቷል በመስኮቱ፣ ካርቶኑን ቀዶ።
መስታወቱ የረገፈው በዚያ በጦርነቱ ሰሞን ነው፤
ካርቶኑ የዘይት ነው፣ ዝናብ ያላላው።
ሦስት ሦስት ሆነው በዴስኩ፣ ትከሻ ለትከሻ፣
ልጆቹ ይሟሟቃሉ፤ ይኸው ነው የብርድ መሸሻ።

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ «ድምፄ ታሟል፤ እኔ ደህና ነኝ።»
አንዱ ከኋላ ሳቀ። ሌላው «ውሸት!» አለኝ።
ሁለተኛው ልክ ነው፤ ደህና አልነበርኩም፤
ማታ ማታ ጣሪያ ሳይ አነጋለሁ እንጂ አልተኛም።
ግን ይህን ማን ይጽፋል ለአምስተኛ ክፍል?
ምሰሶ ነው መምህር፤ ምሰሶ «አመመኝ» ምን ሲል?

ጥያቄውን ጻፍኩ፦ ብርቱካን ገዛ ከድር ከመርሳ፤
ሩቡ ሐይቅ ላይ ረገፈ፣ ጆንያው ስለ ሳሳ።
«ደሴ ስንቱ ደረሰ?» አንባቢ ፈለግኩ በጣቴ፤
«ቲቸር! ቲቸር!» ሰባ እጅ ተመዘዘ ከፊቴ።
ያልተነሣው የዘምዘም ነው፣ እንደ ወትሮው፤
ስሟ ሲጠራ እንኳ ራሷን ነው የምትነቀንቀው።
ከየት እንደመጣች፣ መንገድ ላይ ምን እንዳየች
አጎቷ ነግሮኛል፤ እሷ አልተናገረች።
ስንት ጊዜ «ጮክ በይ!» ብያታለሁ፣ ድምፅ ሳለኝ፣ ስቆጣ፤
ዛሬ የራሴ ቢጠፋ የእሷ ዝምታ ትርጉሙ መጣ።

ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ቆማ አገኘኋት፤
ማንም «ዝም በሉ» ሳይል ክፍሉ ዝም አለላት።
ቀጭን ድምፅ ነው፤ ዝናብ ካባራ በኋላ የቆርቆሮ ጠብታ፤
«ከድር... ብርቱካን...» አለች። «ሩቡ...» አለች።
ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ።
አልጨረሰችም። «ደሴ ስንቱ ደረሰ?» የሚለው ቀረ፤
በማግሥቱም አላነበበች፤ ዝምታዋ እንደነበረ ነበረ።

ተአምር ብዬ አልጽፍም። ለሪፖርትም አይሆን ይህ ጉዳይ፤
ግን ሐሙስ ዕለት አንድ ነገር አገኘሁ ጠረጴዛዬ ላይ፦
በሃይላንድ ጠርሙስ ሻይ፣ ጤና አዳም የገባበት፣
በካልሲ የተጠቀለለ፣ ሙቀቱ እንዳይወጣበት።
ማን እንዳመጣው አልጠየቅኩም። ካልሲው ቢጫ ነው፤ የአንድ እግር።
ዴስኮቹን ሥር ሥራቸውን አየሁ፤ የአንዲት ልጅ አንድ እግር ባዶ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ለምክትሏ ግማሹን ቀዳሁላት፤
«ኪኒንሽን ዋጪበት» ብዬ በወረቀት ጻፍኩላት።
ሳቀች። ሳታስበው ደግሞ አለቀሰች።
ከቋጠሮዋ አንድ የዛገ ቁልፍ ፈታች፦ «የመጋዘኑ ነው» አለች፤
«ሁለት አግዳሚ ቢገባ፣ ምንጣፍ ቢነጠፍ፣ ምን አለው?
የከፋው ልጅ ይረፍበት። የከፋው መምህርስ ሰው አይደለ? እሱም ያው።»
ቸርኬው ተመታ። ፊቷን ጠራረገች፤ ተነሣን።

ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀረኛል። ካልሲውን ማታ አጥቤ፣
ከምድጃው አጠገብ አድርቄ፣ ለጠዋት አስቤ፣
አንድ ብርቱካን ጨመርኩበት፤ ዴስኳ ውስጥ ሸጎጥኩት ሰው ሳይመጣ፤
ጉሙ ገና አልተነሣም፤ ጦሳም ከውስጡ አልወጣ።
ከቀትር በኋላ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ልጣጩን አየሁት፤
በዴስኩ ሦስት ናቸው። ልጣጩም ሦስት ቦታ ነው ያለው።
ሲሶ፣ ሲሶ፣ ሲሶ። በልቤ አረምኩት፤ ትክክል ነው።